ጎመንና ጽጌረዳ ላይ የሰፈረን ክሽክሽ በሳሙና ውሃ ማጥፋት

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትከር ስልኬ ላይ የሚገባው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። የተገለበጠ የጎመን ቅጠል፣ ጀርባው ላይ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር። ከሥሩ «ይሄ ምንድን ነው? ምን ልርጭበት?» የሚል ጥያቄ። ሌላው ደግሞ የጽጌረዳ እምቡጥ ይልካል፤ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ተደርድሮበታል። መልሴ ሁሌም አንድ ስለሆነ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

ነገሩ ክሽክሽ ነው። አፊድ የሚሉትም አሉ። ቤት ውስጥ ባለ ሳሙና ይጠፋል። አስቸጋሪው መድኃኒቱን ማግኘት አይደለም። አስቸጋሪው የቅጠሉን ጀርባ ማዳረስና ሳይሰለቹ መድገም ነው። «ረጨሁ፣ አልሞተም» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ አንዴ፣ ያውም ከላይ ከላይ ረጭተው የተዉት ናቸው።

መጀመሪያ ክሽክሽ መሆኑን አረጋግጡ

ከተክሉ ጫፍ ላይ ለጋ ቅጠል ገልብጡና ቀረብ ብላችሁ እዩ። ክሽክሽ ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሹ የጤፍ ፍሬ፣ ትልቁ የሰሊጥ ፍሬ ያክላል። ሰውነቱ ለስላሳ ነው፤ ከራሱ በኩል ቀጠን፣ ከኋላው ወፈር ይላል። በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ ብታነሱት ከኋላው በኩል ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች ሽቅብ ተቀስረው ታያላችሁ። ሲነኩትም እንደ ሌላ ነፍሳት አይሮጥም፤ እዚያው ተተክሎ ይቀራል።

ቀለሙ አያሳስታችሁ። ጎመን ላይ ያለው ሰም የመሰለ ዱቄት ስለሚለብስ ግራጫ ነው። ጽጌረዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ቢጤ፣ ቃሪያ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ባቄላ ላይ ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ሁሉም ክሽክሽ ነው፤ አጠፋፉም አንድ ነው።

ክሽክሹ ራሱ ባይታያችሁም ምልክት አለው። ቅጠሉን ስትነኩት እጃችሁ ላይ ይጣበቃል። ክሽክሽ የተክሉን ፈሳሽ ከመጠን በላይ ይመጥና የተረፈውን ስኳር ከኋላው ስለሚያወጣው ነው። እሱን ፍለጋ ጉንዳን በግንዱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ከቆየ ደግሞ በሚያጣብቀው ነገር ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። ነጭ ፎረፎር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሌላ ተባይ መጣ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ክሽክሹ ሲያድግ የገፈፈው ቆዳ ነው።

ተክሉን ነቅነቅ ስታደርጉት ነጭ ነገር ብን ብሎ ከተነሳ ግን ነጭ ዝንብ ነው። ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር ካለም ሌላ ተባይ ነው። ሳሙናው እነሱንም ይጎዳቸዋል፤ ይህ መመሪያ ግን ለክሽክሽ ነው።

ለምን ዛሬውኑ?

ሴቷ ክሽክሽ ወንድ አትፈልግም። እንደኛ አገር ቅዝቃዜው ባልከፋበት ቦታ እንቁላልም አትጥልም፤ በቀጥታ ትወልዳለች። የተወለደችው ልጅ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሷ መውለድ ትጀምራለች። ሙቀቱ ሲመቻት አንዷ በሳምንት ውስጥ እስከ 80 ልትወልድ ትችላለች። እሁድ 5 ክሽክሽ አይታችሁ «ምን ታመጣለች» ብላችሁ ብትተዉ፣ በሁለተኛው እሁድ የቅጠሉ ጀርባ አይታይም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መለስተኛ ፈሳሽ ሳሙና (የእጅ ወይም የዕቃ)፣ ወይም ተራ ድፍን ሳሙና። በረኪና የተቀላቀለበት፣ ቅባት ይፈነቅላል የሚባል ኃይለኛ ወይም የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም።
- 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ።
- መርጫ። ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት ይበቃል። በረኪና የነበረበትን አትጠቀሙ፤ ብታጥቡትም ቅሪቱ ቅጠል ያቃጥላል።
- የሾርባ ማንኪያ።
- መቀስና ፌስታል።
- ቫዝሊንና ሰፊ ፕላስተር፣ ጉንዳን ካለ።
- ጥጥና የቁስል ማጽጃ አልኮል፣ ቤት ውስጥ ላለ ትንሽ ተክል ብቻ።

አሠራሩ

1. የተያዘውን ተክል ለዩት።
ማሰሮ ወይም ባልዲ ላይ ያለ ከሆነ ከሌሎቹ አርቁት። ክሽክሹ ሲጨናነቅ ክንፍ ያላቸውን ይወልዳል፤ እነሱ ወደ ጎረቤት ተክል የሚሻገሩ ናቸው። መሬት ላይ ከሆነ ማንሳት ስለማትችሉ ዙሪያውን ያሉትን ተክሎች ሁሉ ጀርባቸውን እየገለበጣችሁ ፈትሹ። ቃሪያው ላይ ብቻ ነው ያላችሁት ነገር ሁልጊዜ በሶብላው ላይም ይገኛል።

2. የከፋውን ቁረጡ።
የተጠቀለለ ቅጠል፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸፈነ የጎመን ቅጠል፣ የጠወለገ እምቡጥ በመቀስ ይውጣ። ክሽክሹ በተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ ከተሸሸገ ምንም ብትረጩ አይደርሰውም። የቆረጣችሁትን እዚያው መሬት ላይ አትጣሉት፤ ተመልሶ ይወጣል። ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ አስሩና ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ከዚያ ይጣል። ከተክሉ ሲሶ በላይ ግን አትቁረጡ። ለማገገም ቅጠል ያስፈልገዋል።

3. በውሃ ግፊት አውርዱት።
ጎማ ካላችሁ አፉን በጣታችሁ ጠበብ አድርጋችሁ የቅጠሉን ጀርባ ምቱ። ጎማ ከሌለ ሃይላንድ ክዳን ላይ በሚስማር ሦስት ቀዳዳ አብጁና ውሃ ሞልታችሁ ጭመቁ። ክሽክሽ መርፌ የመሰለ አፉን ቅጠሉ ውስጥ ሰክቶ ስለሚመጥ፣ በኃይል ሲነቀል አፉ ሊሰበር ይችላል። ከወደቁት ብዙዎቹ ተመልሰው አይወጡም። በሌላ እጃችሁ ቅጠሉን ከላይ ደግፉት፣ አለበለዚያ ለጋው ይቀነጠሳል። ይህን የምትሠሩት ጠዋት ይሁን፤ እርጥብ ቅጠል ካደረ ለሻጋታ ይመቻል።

ጥቂት ክሽክሽ ብቻ ከሆነ ይህን ቀን እየዘለላችሁ ሦስት አራት ጊዜ ማድረጉ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ሳሙናውን ሳትነኩት ትጨርሳላችሁ።

4. የሳሙናውን ውሃ በጥብጡ።
በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። ተክሉ ለጋ ከሆነ ግማሽ ማንኪያ ይበቃል። ድፍን ሳሙና ከሆነ ፈቅፍቃችሁ 10 ግራም ያህል፣ ማለትም ከምሮ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ለብ ባለ ጥቂት ውሃ አሟሙና 1 ሊትር ሙሉት። ቀስ ብላችሁ አማስሉ፤ አረፋ ከበዛ መርጫው አልወጣ ብሎ ያስቸግራል።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ በጥብጣችሁ እዩ። ነጭ እርጎ የመሰለ ነገር ከላይ ከተንሳፈፈ ውሃው ጠጣር ነው። በውስጡ ያለው ማዕድን ሳሙናውን ይይዘዋል፣ ክሽክሹ ላይ የሚሠራው ይቀንሳል። የዝናብ ውሃ ካጠራቀማችሁ እሱን ተጠቀሙ።

ለምን ሳሙና? ተራ ውሃ ጎመን ላይ ቢፈስ ነጠብጣብ ሠርቶ ተንከባሎ ይወርዳል። ቅጠሉም ክሽክሹም ሰም ለብሰዋል። ሳሙናው ውሃውን ያስተኛዋል፣ የክሽክሹን ሰም ይፍቃል፤ ሰውነቱ ውሃ መያዝ ያቅተውና ይሞታል። ይህ የሚሆነው ግን እርጥብ ሳለ ሲነካው ብቻ ነው። ቅጠል ላይ የደረቀ ሳሙና ነገ የሚመጣውን ክሽክሽ አይገድልም። የቀረው መመሪያ በሙሉ ከዚህች አንድ ነገር የሚመጣ ነው።

5. ሁለት ቅጠል ላይ ሞክሩ።
ሁለት ቅጠል ብቻ እርጩና 24 ሰዓት ጠብቁ። ካልጠቆረ፣ ካልጠወለገ ቀጥሉ። ገና የበቀለ ችግኝ፣ ፈርን፣ እሬትና ሰም የለበሱ ሥጋማ ተክሎች ሳሙና አይወዱም።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጊዜ የልብስ ዱቄት ሳሙና በጥብጬ፣ ያውም በቀትር 6 ሰዓት ላይ፣ በረንዳዬ ላይ ያለችውን ቃሪያ አለበስኳት። ክሽክሹ ሞተ። በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡና የፈሰሰበት ወረቀት መሰለ፤ በሳምንቱ ግንዱ ብቻ ቀረ። ሁለት ቅጠል ላይ ብሞክር ኖሮ ሁለት ቅጠል ነበር የማጣው።

6. ከሥር ጀምራችሁ እርጩ።
ሰዓቱ ጠዋት ከ1 እስከ 2፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ላይ ሳሙናው ሳይሠራ ቶሎ ይደርቃል፣ ቅጠሉንም ያቃጥላል። ውሃ የጠማውን ተክል አትርጩ፤ ቀድማችሁ አጠጡት።

መርጫውን ከታች ወደ ላይ አዙሩ። ከታችኛው ቅጠል ጀርባ ጀምሩ፣ ወደ ላይ ውጡ፣ የቅጠሉ አንገት ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ጉድጓድ አትርሱ። ጎመን ላይ ዋናው መደበቂያ መሐሉ ያለው ያልተፈታ ለጋ ነው፤ በጣታችሁ ፈልቀቅ አድርጋችሁ ውስጡን አርጥቡት። መጨረሻ ላይ የቅጠሉን ፊት እርጩ። ልኩ ውሃው ከቅጠሉ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። ጤዛ ያህል ነካ ካደረጋችሁት ያልነካው ሁሉ ይተርፋል።

7. ከረጫችሁ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ።
ሳሙናው ሥራውን ጨርሷል። መቆየቱ የሚጠቅመው ነገር የለም፣ ቅጠሉን ግን ሊጎዳው ይችላል። ሞቶ የተጣበቀውም ክሽክሽ አብሮ ይወርዳል። ይህ ደግሞ ይጠቅማችኋል፤ በሚቀጥለው ፍተሻ የሞተውንና በሕይወት ያለውን ለመለየት አትቸገሩም። ማሰሮ ከሆነ አፈሩን በፌስታል ሸፍኑት፣ የሳሙናው ውሃ እዚያ እንዳይጠራቀም።

8. በየ4 ቀኑ ድገሙ።
እሁድ ከጀመራችሁ፣ ሐሙስ፣ ቀጥሎ ሰኞ። ሰኞ ላይ አሁንም ካያችሁ ዓርብ አራተኛውን እርጩ። ምንም ብትጠነቀቁ ያመለጡ አሉ። 4 ቀን የሆነበት ምክንያት፣ ያመለጠችው የወለደቻቸው ልጆች አድገው ራሳቸው መውለድ ሳይጀምሩ ለመድረስ ነው። በ10 ቀን አንዴ ከረጫችሁ ዕድሜ ልካችሁን ትረጫላችሁ። እኔ ስልኬ ላይ ማንቂያ እሞላለሁ፤ አለበለዚያ ሐሙስ እንደሚረሳ አውቀዋለሁ።

9. ጉንዳኑን ከልክሉ።
ጉንዳን ጣፋጩን ፈሳሽ ስለሚፈልግ ክሽክሹን ከጠላቶቹ ይጠብቃል። ላም እንደሚያረባ ሰው ማለት ነው። ጉንዳኑ ሲጠፋ ክሽክሽ የሚበሉ ነፍሳት ይገባሉ። ጠንካራ ግንድ ያለው ጽጌረዳ ከሆነ ግንዱን በፕላስተር ጠምጥሙና ፕላስተሩ ላይ ቫዝሊን ቀቡ። ቫዝሊኑን በቀጥታ ግንዱ ላይ አትቀቡ። ማሰሮ ከሆነ ውሃ ባለበት ሰሐን መሐል ድንጋይ አድርጋችሁ እሱ ላይ አስቀምጡት። ቅጠሉ ግድግዳ ወይም የመስኮት ብረት እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ጉንዳን ድልድይ አያጣም።

ቤት ውስጥ ላለች ትንሽ ተክል

ሳሎን ውስጥ ያለች አንዲት ማሰሮ ላይ ጥቂት ክሽክሽ ካለ መርጫ አያስፈልግም። ጥጥ አልኮል ነክራችሁ ክሽክሹን አንድ በአንድ ንኩት፤ ወዲያው ይሞታል። ቅጠሉን በሙሉ በአልኮል አትጥረጉ። ምድጃ ወይም ሻማ አጠገብም አትሥሩ።

አትግደሏቸው

ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል። ልጇን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጥቁር፣ ሸካራ፣ ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ያላት፣ አዞ የመሰለች ትንሽ ትል ናት። ክሽክሽ በብዛት የምትበላው እሷ ናት። ስንቱ ሰው ተባይ መስላው በጣቱ ጨፍልቋታል።

ሌላም አለ። ከክሽክሾቹ መሐል ተነፍቶ ወርቃማ ቡና ዓይነት የሆነ፣ የማይንቀሳቀስ ካያችሁ፣ በውስጡ የትንሽ ተርብ ልጅ እያደገች ነው። አድጋ ስትወጣ ክብ ቀዳዳ ትታ ትሄዳለች፣ ከዚያ ሌሎቹን ክሽክሾች ታድናለች። እንዲህ ያሉትን በብዛት ካገኛችሁ መርጨቱን ለሳምንት አቆዩት። ሥራው ተጀምሯል። ሳሙናው እነዚህንም ለስላሳ ረዳቶች ስለሚጎዳ፣ ክሽክሽ የሌለበትን ተክል ለጥንቃቄ ብላችሁ አትርጩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ሳሙና ማብዛት። «ቶሎ ይሙት» ብሎ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር አለ። የሚሞተው ቅጠሉ ነው። ካልሠራ የጎደለው ማዳረስ ነው፣ ሳሙና አይደለም።

አንዴ ረጭቶ መተው። ከላይ ብዬዋለሁ፤ ግን ከሁሉ የበዛው ይኸው ነው።

ዩሪያ መጨመር። ተክሉ ስለተጎዳ «ላበርታው» ተብሎ ዩሪያ ይደፋበታል። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ለጋና ውሃማ ቀንበጥ ያወጣል፤ ክሽክሽ ደግሞ የሚወደው እሱን ነው። ማዳበሪያውን ክሽክሹ እስኪጠፋ አቆዩት። ከዚያ በደንብ የበሰበሰ ፍግ በጥቂቱ ይበቃል።

አመድ። ጎመን ላይ አመድ መነስነስ የቆየ ልማድ ነው፣ መሬት ላይ ላለ ጎመን አልከለክልም። ዝናብና ውሃ ስለሚያጥበው ግን አይቆይም። ማሰሮ ላይ ከደጋገማችሁት አፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ተክሉን ይጎዳዋል።

ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት። ይህን ዘፍዝፈው ሳሙና ጨምረው የሚረጩ አሉ፣ «ሚጥሚጣው ገደለው» ይሉኛል። እኔ የገደለው ሳሙናው ነው ባይ ነኝ። በረንዳ ላይ ነፋስ ሲመልሰው ዓይናችሁ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ክሽክሹን ትረሱታላችሁ።

የኒም ዘይት ያገኘ ሰው ግን ይጠቀምበት። ድሬዳዋና ሌሎች ቆላ አካባቢዎች ዛፉ አለ፣ ዘይቱም ይሸጣል። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይትና ጥቂት ጠብታ ሳሙና፤ እየነቀነቃችሁ፣ አመሻሽ ላይ፣ የበጠበጣችሁትን በዚያው ቀን ጨርሱ። ክሽክሹን ከመብላትና ከማደግ ስለሚያግደው ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። በማግስቱ «አልሠራም» አትበሉ።

ማስጠንቀቂያ

- በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ፣ ጽሑፍ የሌለው ፀረ ተባይ አትግዙ። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚበጠበጥ፣ ከረጫችሁት በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ መቆየት እንዳለበት የሚነግራችሁ የለም። የምትረጩት ደግሞ ለልጆቻችሁ የምታበስሉት ጎመን ላይ ነው።
- የበጠበጣችሁትን የሳሙና ውሃም ቢሆን በመጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።
- አበባ ላይ ንብ ሲያንዣብብ አትርጩ። ንቧ ወደ ቀፎዋ እስክትመለስ ጠብቁ።
- ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ከተዥጎረጎረ፣ ተክሉም ከቀጨጨ፣ ክሽክሹ ቫይረስ አስተላልፎበት ሊሆን ይችላል። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ድንችና ዝኩኒ ላይ ይህ ያጋጥማል። ሳሙና ቫይረስ አያድንም። ተክሉን ነቅላችሁ አስወግዱ፣ የቀሩትን አትርፉ።
- ማሳችሁ ሰፊ ከሆነና በመርጫ የማይደረስ ከሆነ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ አማክሩ። ይህ ዘዴ ለጓሮና ለበረንዳ ነው።

ከጠፋ በኋላ

በሳምንት ሁለቴ፣ ውሃ ስታጠጡ፣ ሦስት አራት ቅጠል ገልብጡ። አንድ ሁለት ካያችሁ በጣታችሁ ጨፍልቁ፤ መርጫ ማውጣት አያስፈልግም። ከችግኝ ጣቢያ አዲስ ተክል ስታመጡ ከሌሎቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅሉት፤ ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። እኔ ዘንድ ክሽክሽ ብዙውን ጊዜ የገባው በዚህ በር ነው። ያረጀ፣ አበባ የያዘ ጎመን ካለም ንቀሉት፤ ለአዲሱ መዛመቻ ይሆናል።

«ክሽክሽ የነበረበት ጎመን ይበላል ወይ?» ለሚለው፣ በሳሙናና በውሃ ብቻ ከሠራችሁ ይበላል። ቅጠሉን ለይታችሁ ጨው ባለበት ውሃ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ የቀሩት ይለቃሉ። ከዚያ ጀርባውን፣ በተለይ የመሐሉን ጅማት ዳርና ዳር፣ በአውራ ጣታችሁ እያሻችሁ በሚወርድ ውሃ እጠቡ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነገር እስኪያጡ ድረስ ሁለት ሦስቴ ቀይሩት፣ ከዚያ ክተፉት።